መሪው ሲቀል፦ ሦስት ኮርማ የጫነ ተሳቢ ክብደቱን የሚጥልበት ቦታ

ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መንገድ አስፋልት ከመልበሱ በፊት፣ ተሳቢ የሚጎትት ፒክአፕ የፍጥነት ችግር አልነበረበትም። ኮረኮንቹ ራሱ ፍሬን ነበር። ባሌስትራ ይሰበራል፣ ጎማ ይፈነዳል፣ ከብቱ አቧራ ሲቅም ይውላል፤ ነገር ግን በዚያ አዝጋሚ ጉዞ ተሳቢው መኪናውን ጎትቶ ከመንገድ የሚያወጣበት አጋጣሚ ጥቂት ነበር። ዛሬ በዚያው መንገድ በሰዓት 90 እና 100 ኪሎ ሜትር መንዳት ይቻላል። ከማርሳቢት ወርዶ ቡቢሳን ይዞ ወደ ቱርቢ በሚዘረጋው ገላጣ ሜዳ ደግሞ ነፋሱ ከጎን ይመታል። ተሳቢ መወዛወዝ የሚወደው እንዲህ ያለውን ቦታ ነው። ከመወዛወዙ በፊት ግን ለሹፌሩ አንድ ምልክት ደርሶታል፤ መሪው ቀሎታል።

የመሪ መቅለልን እንደ ምቾት የሚቆጥር ሹፌር አይጠፋም። ጭነት በዝቶ ሳለ መሪው ለምን ቀለለ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። መልሱ አጭርና የሚያሳስብ ነው፦ የፊት ጎማዎች መሬቱን እንደ ወትሮው አልያዙም። መኪናውን የሚያዞሩት እነሱ ናቸው፤ ፍሬን ሲያዝም ትልቁን ሥራ የሚሠሩት እነሱ ናቸው።

በቀጣናው አብዛኛው የቁም እንስሳት ንግድ የሚንቀሳቀሰው በትልልቅ የጭነት መኪናዎች ነው። የእነሱ ጣጣ የሚዛን ጣቢያ ነው፤ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ የተሽከርካሪ ጭነት ቁጥጥር ሕግ ጠቅላላ ክብደትን በ56 ቶን ሲገድብ ለእያንዳንዱ አክስልም የራሱን ጣሪያ አስቀምጧል። በፒክአፕና በተሳቢ የሚጓዘው ግን ሌላ ዓይነት ሸቀጥ ነው፦ ከላይኪፒያ የተገዛ የቦረና ኮርማ፣ እርጉዝ የወተት ጊደር፣ ለእርባታ የተመረጠ አውራ ፍየል። ቁጥሩ ትንሽ፣ የአንዱ ራስ ዋጋ ግን ከፍተኛ ነው። እንዲህ ያለው ነጋዴ ሚዛን ጣቢያ ላይ የሚያስቆመው ላይኖር ይችላል። የክብደት ሒሳቡን ራሱ ካልሠራው የሚሠራለት የለም።

ሒሳቡ

አንድ ምሳሌ ይወሰድ። ባዶ ክብደቱ 1,000 ኪሎ የሆነ ባለ ሁለት አክስል ተሳቢ፣ እያንዳንዳቸው 500 ኪሎ የሚመዝኑ ሦስት ኮርማዎች ጭኗል። ጠቅላላው 2,500 ኪሎ ነው። ከዚህ ውስጥ አብዛኛው በተሳቢው ጎማዎች ላይ ያርፋል፤ ቀሪው በተሳቢው አፍንጫ በኩል በመኪናው ጋንቾ ላይ ይጫናል። ክብደት አከፋፋይ መሣሪያ በሚሠሩት አገሮች የተለመደው መመሪያ ይህ የአፍንጫ ክብደት ከተጫነው ተሳቢ ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ እንዲሆን ነው። በምሳሌው 300 ኪሎ ነው እንበል፤ 12 በመቶ ማለት ነው። ከዚያ ካነሰ ተሳቢው ይወዛወዛል፤ ከዚያ ከበዛ መኪናው በኋላ እግሩ ይቀመጣል።

300 ኪሎ በራሱ ለጠንካራ ፒክአፕ ብዙ አይደለም። ጣጣው ያረፈበት ቦታ ነው። ጋንቾው ያለው በኋላ ጎማዎች ላይ ሳይሆን ከእነሱ ወደ ኋላ ወጣ ብሎ ነው። ከኋላ አክስል እስከ ጋንቾው ኳስ 1.2 ሜትር፣ ከፊት አክስል እስከ ኋላ አክስል ደግሞ 3 ሜትር ከሆነ፣ የኋላ አክስል እንደ ማንሻ መደገፊያ ሆኖ የፊቱን ብድግ ያደርገዋል። የኋላ ጎማዎች የሚጨመርባቸው 300 ሳይሆን 420 ኪሎ ነው፤ ከፊት ጎማዎች ላይ ደግሞ 120 ኪሎ ይነሳል። «መሪው ቀለለ» የሚባለው ይህ 120 ኪሎ ነው። ማታ ማታ የመኪናው መብራት የመጪውን ሹፌር ዓይን የሚወጋው፣ ፍሬን ሲያዝ መኪናው እንደ ልቡ የማይቆመውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ብዙ ጋራዦች ለዚህ የሚሰጡት መፍትሔ የኋላውን ባሌስትራ በአንድ ቅጠል ማጠንከር ነው። መኪናው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ባለቤቱም ደስ ብሎት ከፍሎ ይሄዳል። ባሌስትራ ግን ቁመት ያስተካክላል እንጂ ክብደት አያዛውርም። ከፊት ጎማዎች የተነሳው 120 ኪሎ አሁንም አልተመለሰም። የባሰው ነገር ምልክቱ መጥፋቱ ነው።

ክብደት አከፋፋይ ጋንቾ የሚያደርገው ሌላ ነው። ከጋንቾው ራስ ሁለት የስፕሪንግ ብረት ዘንጎች ወደ ኋላ ወጥተው፣ በተሳቢው አፍንጫ ግራና ቀኝ በሰንሰለት ወይም በቅንፍ ወደ ላይ ተወጥረው ይታሰራሉ። የእጅ ጋሪን እጀታ ወደ ላይ እንደ ማንሳት ነው፤ እጀታው ከፍ ሲል ክብደቱ ወደ ፊት ወደ ጎማው ይሄዳል። የተወጠሩት ዘንጎችም የመኪናውን ጭራ ወደ ላይ ይዘው አፍንጫውን ወደ መሬት ይመልሱታል። በምሳሌው ላይ ከፊት ከተነሳው ግማሹን፣ 60 ኪሎውን፣ ለመመለስ ዘንጎቹ በበቂ ቢወጠሩና ከኳሱ እስከ ተሳቢው አክስሎች መሐል 4 ሜትር ቢሆን፣ ወደ ተሳቢው ጎማዎች 45 ኪሎ ይሄዳል። የኋላ ጎማዎች ከ420 ወደ 315 ይወርዳሉ። 300 ኪሎው የትም አልጠፋም፤ በሦስት ቦታ ተከፋፈለ እንጂ።

እዚህ ላይ ብዙ ሻጭ የሚያድበሰብሰው ነገር አለ። መሣሪያው የመኪናውን የመጎተት አቅም አይጨምርም። አምራቹ 2 ቶን ብቻ ጎትት ካለ፣ በምንም ዓይነት ዘንግ 2.5 ቶን አይሆንም። የተሳቢው ጎማና ፍሬን እንዲሁ።

አገጣጠሙ

ሥራው የሚጀምረው ከመፍቻ ሳይሆን ከሚዛን ነው። የከብት ነጋዴ ከሌላው ጎታች የሚሻለው እዚህ ላይ ነው፤ የእያንዳንዱን እንስሳ ቁም ክብደት ያውቃል፣ የከብት ሚዛንም በአቅራቢያው አለ። ተሳቢው ደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ፣ ጎማዎቹ በታኮ ተይዘው፣ አፍንጫው ሚዛኑ ላይ በቆመ ጠንካራ ግንድ ይደገፋል። የግንዱ ቁመት ከሚዛኑ ጋር ተደምሮ ኳሱ ከመሬት ካለው ከፍታ ጋር መተካከል አለበት፤ አፍንጫው ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ንባቡ ይለወጣል። ሚዛኑ የሚያሳየው ቁጥር የአፍንጫ ክብደት ነው።

ኮርማዎችን ለዚህ ሥራ ደጋግሞ ማስወጣትና ማውረድ ለሰውም ለከብትም አይበጅም። በምትኩ ኩንታል ጆንያ ይሠራል፤ ለአንድ ባለ 500 ኪሎ ኮርማ አምስት ባለ 100 ኪሎ ጆንያ። ሁሉንም መሐል ላይ መከመር ግን ስህተት ነው። ከብት ሲቆም ከግማሽ በላይ ክብደቱን የሚሸከመው በፊት እግሮቹ ነው። ስለዚህ ሦስቱ ጆንያ የፊት እግሮቹ በሚያርፉበት፣ ሁለቱ የኋላ እግሮቹ በሚያርፉበት ቦታ ይቀመጣሉ። በኬንያ በኩል የበቆሎ ጆንያ 90 ኪሎ መሆኑን መርሳት አይገባም፤ አምስት ጆንያ 450 ኪሎ ነው፣ 500 አይደለም።

ከዚያ ሜትር ይወጣል። መኪናው ለጉዞ በሚሆነው ነዳጅ፣ በሚሳፈሩት ሰዎችና በተስተካከለ የጎማ ንፋስ ደልዳላ ቦታ ላይ ይቆማል። ተሳቢው ሳይያያዝ ከፊት ጎማ መሐል በላይ ከመሬት እስከ ፓራፋንጎው ከንፈር ይለካል፤ 90 ሴንቲ ሜትር ሆነ እንበል። የተጫነው ተሳቢ ይያያዛል፣ ዘንጎቹ ሳይታሰሩ እንደገና ይለካል፤ 93 ሆነ። ሦስት ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ሄዷል ማለት ነው። አሁን ዘንጎቹ ይወጠራሉ። የመኪናው መመሪያ የተለየ ቁጥር ካልሰጠ ግቡ ከጠፋው ግማሽ ያህሉን መመለስ ነው፤ በዚህ ምሳሌ 91.5 ገደማ። ከ90 በታች መውረድ ግን የለበትም። የፊቱ ከቀድሞው በላይ ከተጫነ ከኋላ ጎማዎች ላይ ከሚገባው በላይ ክብደት ተነስቷል ማለት ነው፤ ዝናብ ባራሰው አስፋልት በመታጠፊያ ላይ መጀመሪያ የሚንሸራተቱትም እነሱ ይሆናሉ።

91.5 ላይ ካልደረሰ ሰንሰለቱ በአንድ ቀለበት ያጥራል፣ ወይም የጋንቾው ራስ በአንድ ደረጃ ወደ ኋላ ያዘነብላል። በግራና በቀኝ እኩል መሆን አለበት። ኳሱም ትክክለኛ ከፍታ ላይ መሆን አለበት፤ ሁሉም ከተወጠረ በኋላ ተሳቢው ከጎን ሲታይ ቀጥ ያለ ወይም አፍንጫው በጥቂቱ ዝቅ ያለ ይሁን። አፍንጫው ወደ ላይ ያየ ተሳቢ ከኋላ ይከብዳል፤ ከብቱም ወደ ኋላ ይንሸራተታል።

ዘንጎቹን በጉልበት በረጅም ብረት እየጠመዘዙ ሰንሰለቱን ለማንጠልጠል የሚሞክሩ ረዳቶች አሉ። ያ ብረት ካመለጠ ጥርስ ያረግፋል። ኳሱና ቆቡ ከተቆለፉ በኋላ የተሳቢውን አፍንጫ በክሪክ ከመኪናው ጭራ ጋር ብድግ ማድረግ ይቀላል፤ ዘንጎቹ ይላላሉ፣ ሰንሰለቱ በእጅ ይታሰራል፣ ክሪኩ ሲወርድ ውጥረቱ ራሱ ይመጣል። የደኅንነት ሰንሰለቶቹ ከአፍንጫው በታች ተመሳቅለው ይታሰሩ፤ ቆቡ ቢያመልጥ አፍንጫው አስፋልት ላይ ሳይሆን በእነሱ ላይ ያርፋል።

ከብት ግን ጆንያ አይደለም

ይህ ሁሉ በጆንያ ሲሠራ ያምራል። ጆንያ የተቀመጠበት ይቆያል፤ ኮርማ ግን ይራመዳል። በምሳሌው ተሳቢ አንዱ ባለ 500 ኪሎ ኮርማ አንድ ሜትር ወደ ኋላ ቢሄድ የአፍንጫው ክብደት በ125 ኪሎ ይቀንሳል። ሦስቱም 60 ሴንቲ ሜትር ብቻ ወደ ኋላ ቢንሸራተቱ 225 ኪሎ ይጠፋል። ከ300 የቀረው 75 ኪሎ ነው፤ ከጠቅላላው 3 በመቶ። ወደ ማርሳቢት ተራራ በሚወጣው ዳገት ከብት ወደ ኋላ ለመሸሽ ከዚህ የተሻለ ምክንያት አያስፈልገውም። ዳገቱን ጨርሶ ወደ ቡቢሳ ሲወርድ፣ ነፋሱም ሲመጣ፣ ተሳቢው በጆንያ የተለካው ተሳቢ አይደለም።

ስለዚህ ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ በመጀመሪያ የሚገዛው ዘንጉ ሳይሆን የተሳቢው መከፋፈያ በር ነው። አገሬው በያጅ የሚሠራው፣ በብረት ቱቦ የተበየደ፣ ከወለልና ከግድግዳ በቡሎንና በዳዶ የተያዘ በር ለዚህ በቂ ነው። እያንዳንዱ ኮርማ የራሱ ክፍል ይኑረው፤ ከአንድ ወይም ከግማሽ እርምጃ በላይ ወደ ኋላ የሚሄድበት ቦታ አይተውለት። ከባዱ ከተሳቢው አክስሎች ፊት፣ ቀላሉ ከኋላ። ወለሉ የማያንሸራትት ይሁን፤ አሸዋ ወይም ገለባ የተነጠፈበት የጎማ ምንጣፍ ከባዶ ላሜራ ይሻላል። መከፋፈያ በሌለው ተሳቢ ላይ የተገጠመ ውድ ክብደት አከፋፋይ፣ በር በሌለው በረት ላይ የተንጠለጠለ ጥሩ ቁልፍ ነው።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የመሣሪያውን ዓይነት ይመለከታል። በቀጣናው ካሉ ተሳቢዎች አንዳንዶቹ መኪናው ሲቀንስ አፍንጫው ወደ ፊት እየተገፋ ራሱ የሚይዝ ፍሬን አላቸው። አንዳንድ ክብደት አከፋፋዮች ይህን እንቅስቃሴ ያግዱታል፤ ተሳቢው ፍሬን አልባ ሆኖ ይቀራል። ከመግዛት በፊት የሁለቱን መስማማት ከአምራቹ መመሪያ ማረጋገጥ ግድ ነው። የኳሱ መጠንም እንዲሁ ያሳስታል። የአሜሪካው 2 ኢንች ኳስ 50.8 ሚሊ ሜትር ሲሆን ሌላው የተለመደው ኳስ 50 ሚሊ ሜትር ነው። በዓይን አይለዩም። በ2 ኢንች ቆብ ውስጥ የገባ ባለ 50 ሚሊ ሜትር ኳስ ግን ይላላል፤ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ይንኳኳል።

ዘንጎቹ ለአስፋልት የተሠሩ ናቸው። ከዋናው መንገድ ወጥቶ በአካባቢው ላጋ የሚባለውን የደረቅ ወንዝ የሚሻገር፣ ወይም ወደ ከብት ማቆያ በሚወስድ ገደላ ገደል መንገድ የሚገባ ሹፌር መጀመሪያ ወርዶ ሰንሰለቱን ያላላ። መኪናው ወደ ጉድጓድ ሲገባና ተሳቢው ገና ከላይ ሲቀር፣ ወይም መኪናው ወጥቶ ተሳቢው ሲወርድ፣ በዘንጎቹ ውስጥ የሚፈጠረው ውጥረት ሻንሲ ያጣምማል፣ የተበየደ ይነቅላል። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለለውም በፀሐዩ ምክንያት ብቻ ነው።

ተሳቢው መወዛወዝ ከጀመረ ደግሞ የሹፌሩ ደመ ነፍስ ጠላቱ ነው። በኃይል ፍሬን መያዝም፣ ነዳጅ ሰጥቶ ለማምለጥ መሞከርም፣ መሪውን እየመለሱ ማሳደድም ያባብሰዋል። እግርን ከነዳጅ ላይ ማንሳት፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ ተሳቢው በእጅ የሚያዝ የራሱ ፍሬን ካለው እሱን ብቻ ቀስ አድርጎ መንካት። ከቆመ በኋላ መጀመሪያ የሚታየው ከብቱ የቆመበት ቦታ ነው።

በኪስ ሲሰላ

ለእርድ በተገዛ ሰንጋ ላይ የሚደርስ ጉዳት ብዙውን ጊዜ የሥጋ ቅናሽ ነው፤ የተበለዘ ሥጋ ተቆርጦ ይጣላል፣ ቀሪው ይሸጣል። የእርባታ ኮርማ ሒሳብ ሌላ ነው። በሚወዛወዝ ተሳቢ ወድቆ ዳሌው የተጎዳ ኮርማ አልሞተም፣ ይበላልም፤ ነገር ግን ላም ላይ መውጣት ካልቻለ ዋጋው በአንድ ሌሊት ከእርባታ ወደ ሥጋ ይወርዳል። ነጋዴው የሚያጣው በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ያለውን ልዩነት ነው፤ ልዩነቱም አንዳንዴ ከኮርማው የሥጋ ዋጋ ይበልጣል። እርጉዝ ጊደር ከሆነች ደግሞ ጽንሱም አለ።

የመሣሪያው ዋጋ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ እያንዳንዱ ነጋዴ በራሱ ደብተር ቢያሰላው ይሻላል። አሠራሩ ግን ቀላል ነው። ክብደት አከፋፋዩና መከፋፈያው አንድ ላይ የአንድ ኮርማን ዋጋ ሩብ ያህል ፈጁ እንበል። በዓመት 20 ጉዞ፣ በእያንዳንዱ ሦስት ኮርማ፣ በድምሩ 60 ኮርማ ነው። መሣሪያው በመጀመሪያው ዓመት ዋጋውን እንዲመልስ ከ240 ኮርማ አንዱን ብቻ ማዳን ይበቃዋል። ነጋዴው ባለፉት ዓመታት ከስንት ኮርማ አንዱ እንዳነከሰበት ራሱ ያውቃል፤ ያን ቁጥር ከ240 ጎን አስቀምጦ ማየት ነው።

የክብደት መቀነስም አለ። መንገድ ላይ ያለ ከብት አንጀቱ ይጎድላል፣ ይጠማል፣ ይህ የትም አይቀርም። በሚወዛወዝ ወለል ላይ ሙሉ ቀን እግሩን ዘርግቶ ሚዛኑን ሲጠብቅ የዋለ ግን ከተራው ኪሳራ በላይ ይደክማል። ከ500 ኪሎ 3 በመቶ ብቻ ቢቀንስ 15 ኪሎ ነው፤ ለሦስት ኮርማ 45 ኪሎ። በኪሎ ለሚሸጥ ነጋዴ ይህን ማባዛት አያስተምሩትም።

ሞያሌ ላይ ድንበሩን የሚሻገር ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር ይገጥመዋል። በኬንያ በግራ፣ በኢትዮጵያ በቀኝ ነው የሚነዳው። መሪው በቀኝ የሆነ የኬንያ ፒክአፕ ወደ ያቤሎ ሲያቀና ሹፌሩ የተቀመጠው በመንገዱ ጠርዝ በኩል ነው፤ ለመቅደም ከፊቱ ካለው የጭነት መኪና ጎን አሻግሮ ማየት አይችልም። ተሳቢ ሲጨመር የሚቀደምበት ርቀት ይረዝማል፣ የኋላ መስታወቱም የተሳቢውን ጭራ ካላሳየ ተሳቢው መቼ እንደሚገባለት አያውቅም። ወጣ የሚል ተቀጥላ መስታወት በሁለቱም ጎን ያስፈልጋል። ከድንበሩ በኋላ ረዳቱ ከሹፌሩ ግራ ነቅቶ ቢቀመጥ ደግሞ ይበጃል።

ሸጦ ባዶ ተሳቢ ይዞ የሚመለሰው ነጋዴ ዘንጎቹን እንደታሰሩ ይዞ መጓዝ የለበትም። ለ300 ኪሎ የተወጠረ ዘንግ 100 ኪሎ ገደማ አፍንጫ ባለው ባዶ ተሳቢ ላይ የኋላ ጎማዎችን ከሚገባው በላይ ያቀላል። ይላላ ወይም ይውጣ። በሚቀጥለው ጭነት ኮርማዎቹ 500 ሳይሆኑ 400 ከሆኑ ደግሞ ሜትሩ እንደገና ይወጣል፤ የሰንሰለቱ ቀለበት ቁጥር የሚሠራው ለተለካበት ጭነት ብቻ ነው። አዲስ በተገጠመ ጋንቾ የመጀመሪያው 50 ኪሎ ሜትር ካለቀ በኋላ ቆሞ ቡሎኖቹን በመፍቻ መንካት፣ ከብቱን ማየት፣ ፓራፋንጎውን መለካት ያስፈልጋል። ከኢሲዮሎ ጠዋት የተነሳ ሹፌር ሻይ የሚጠጣበት ሰዓት ለዚህ ይበቃዋል።